ለእናቴ ሁለት መኝታ ቤት ደብረ ብርሃን ላይ፦ ቦታውንም ግንበኛውንም ከየት ላምጣ?

የጠባሴ ልጅ ነሐሴ 21

እንደምን ከረማችሁ። እዚያው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ አሁን ኑሮዬም ሥራዬም አዲስ አበባ ነው። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በኪራይ ነው የኖረችው። አሁን ደግሞ አከራይዋ ልጁን ሊድር ስለሆነ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ልቀቂ ብሏታል። በዕቁብና በመሥሪያ ቤት ቁጠባ ያጠራቀምኳት ገንዘብ አለችኝ፤ ብዙ አይደለችም። ያሰብኩት ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ውጪ ማድ ቤት፣ በቃ። ከ60 ካሬ አይበልጥም።

ደላላ ሁለት ቦታ አሳይቶኛል። አንዱ ከከተማ መውጫው ላይ ሜዳ ነው፤ 250 ካሬ፣ ሣሩ ለምለም፣ ዋጋውም ርካሽ። «የገበሬ ነው፣ ግን በቅርቡ ወደ ከተማ ይካለላል» አለኝ። ሁለተኛው ዳገት ላይ ነው። ድንጋያማ፣ 160 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ጥግ ላይ አንዲት የጭቃ ክፍል ቆማበታለች። የሱ ዋጋ ግን ራስ ያዞራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ሜዳው ላይ ነው። እናቴ ጎመን መትከያ ትፈልጋለች።

ግንበኛም የማውቀው የለም። አንድ «ኮንትራክተር ነኝ» የሚል ሰው በቃል ቁርጥ ዋጋ ነግሮኝ ግማሹን አሁን ስጪኝ፣ በሦስት ወር ቁልፍ እሰጥሻለሁ ብሏል። ምን ትሉኛላችሁ?

ቱንቢ ነሐሴ 21

እህቴ፣ ሣሩ ለምን እንደለመለመ ደላላውን ጠይቀሽዋል?

26 ዓመት ግንበኛ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ ጫጫ፣ ሸኖ፣ እነዋሪ ሠርቻለሁ። እዚያ ሜዳ ላይ ስትራመጂ ጭቃው ጫማሽን ይዞ ካስቀረብሽ መረሬ፣ ጥቁሩ ጭቃማ አፈር፣ ነው። መረሬ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በየካቲት ተመልሰሽ ብታዪው እጅሽን እስከ አንጓው የሚውጥ ስንጥቅ ታገኚያለሽ። ጎመን ያበቅላል፣ ምስርማ አይነገርም። ቤት ግን አያበቅልም።

ሳትከፍዪ በፊት ሁለት ቀን ሠራተኞች ቀጥረሽ ጉድጓድ አስቆፍሪ። የቤቱ ማዕዘን በሚያርፍበት ሁለት ቦታ፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት። ባለቤቱ እምቢ ካለ መልሱን ሰጠሽ ማለት ነው።

በሩ አልዘጋም ያለው ነሐሴ 21

ጋሼ ቱንቢ ያሉትን በራሴ ቤት ከፍዬ ተምሬዋለሁ። አንጎለላ በኩል ሜዳ ላይ ሠራሁ። ግንበኛው «አንድ ሜትር ከቆፈርን ይበቃል፣ ድንጋይ እንሞላበታለን» አለኝ። ሞላንበት። በሁለተኛው ክረምት ከሳሎን በር ራስጌ እስከ ኮርኒስ ድረስ እንደ መብረቅ የተጠማዘዘ ስንጥቅ ወጣ። መስከረም ላይ ሃያ አምስት ሳንቲም ይገባበት ነበር። የካቲት ላይ ትንሹ ልጄ እርሳሱን ከትቶ ረሳው። በሩ በነሐሴ አይዘጋም፣ በጥር ይወዛወዛል። አናፂ ሦስት ጊዜ ላገው። አሁን በሩ ከእቃ ማስቀመጫ ጣውላ ብዙ አይለይም።

ሌላ ደግሞ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። ጎረቤቴ በአጥሬ ጥግ የተከላቸው ባሕር ዛፎች ነበሩ። ከነሱ ወገን ያለው ግድግዳ ነው ይበልጥ የወረደው። ዛፉ ውሃውን ሲመጥ አፈሩ ይኮማተራል አሉኝ፤ ካለቀ በኋላ።

ሲቪል በስደት ነሐሴ 22

የመጨረሻው አስተያየት ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ዙሪያ ያለውን ጭቃማ አፈር ያደርቃል፣ የደረቀው ይሰምጣል። ቦታ ስታዪ የዛፉን ቁመት ያህል ርቀሽ መሥራት እንደምትችዪ አስቢ።

አፈሩን በተመለከተ ትንሽ ልጨምር። ችግሩ አፈሩ ደካማ መሆኑ አይደለም፣ እርጥበቱ መለዋወጡ ነው። አንድ ፎቅ የሌለው ትንሽ ቤት ቀላል ስለሆነ እብጠቱን በክብደቱ ማሸነፍ አይችልም፤ ይነሳል። ስለዚህ ሦስት መንገድ ነው ያለሽ። ጥቁሩን አፈር ሙሉ በሙሉ አውጥቶ እስከ ጠንካራው መውረድ፣ ወይም አውጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠራማ ሙሌት አፈር) እየረገጡ በስስ ንጣፍ መሙላት፣ ወይም ሌላ ቦታ መፈለግ። ጥቁሩ ሦስት ሜትር ከወረደ ለ60 ካሬ ቤት መሠረቱ ከቤቱ ዋጋ ይወዳደራል። ያኔ ርካሹ ቦታ ርካሽ አይደለም።

የትኛውም ቦታ ቢሆን ግን በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጪ ያዘነበለ የሲሚንቶ ንጣፍ ይኑር። የጣራ ውሃ በአሸንዳ ይያዝ፣ መሠረቱ ሥር አይፍሰስ። ሰው አሸንዳን የውበት ነገር ያደርገዋል።

ፋይል አንብብ ነሐሴ 22

ወዳጆቼ የአፈሩን ነገር ጨረሳችሁት፤ እኔ ወደ ወረቀቱ ልግባ።

በመጀመሪያ ማንም መሬት አይሸጥልሽም፤ አይችልምም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ሰው የሚሸጠው ላዩ ላይ ያለውን ቤት ነው። ያቺን የጭቃ ክፍል የናቅሻት ትመስዪኛለሽ፤ ነገር ግን ሽያጩ የሚቆመው በሷ ነው።

የሜዳው ባለቤት የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር አለኝ ብሎሻል አይደል? ደብተሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። የሚሰጠው ግን የማረስ፣ የማውረስ፣ የማከራየት መብት ነው። አንቺ ቤት የምትሠሪበት መብት አይደለም። «ይካለላል» የሚለው ተስፋ የተፈጸመ ቀን ከተማው መሬቱን ሲወስድ ካሳ የሚከፍለው በደብተሩ ላይ ስሙ ላለው ሰው ነው። ያንቺ ወረቀት ምን ይላል? አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ሽያጭ «የብድር ውል» አስመስሎ ነው የሚፈራረመው። ጨረቃ ቤት ሆኖ አፍራሽ ግብረ ኃይል ሲመጣ የብድር ውል ይዘሽ ትቆሚያለሽ።

የዳገቱ ቦታ ላይ መጠየቅ ያለብሽ ይሄ ነው። ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት በክፍያ ለተወሰነ ዘመን የተያዘ)? በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ከውርስ በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ወደ ሊዝ እንዲገባ አድርጓል። ስለዚህ በሻጩ ካርታ ላይ የሌለ የሊዝ ክፍያ አንቺ ላይ ይመጣል። ስሌቱን ሳትፈርሚ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቂ። ሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ስንት ነው? ግንባታ መጀመሪያና ማለቂያ ጊዜው አልፏል?

ከዚያ ፋይሉን በአካል አስወጥተሽ እዪ። የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት የሚል ደብዳቤ ይኑርሽ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ወራሽ ከሆነ ወንድምና እህቶቹ በሙሉ። ካርታው 160 ይላል፤ መሬት ላይስ? ሜትር ይዛችሁ ለኩት። አጥር ሲንፏቀቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ውሉ ደግሞ በሽማግሌ ፊት በተፈረመ ወረቀት አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መሆን አለበት ይላል። ቀብድ መስጠት ከፈለግሽ እሱንም በትንሹ።

መንዜው ነሐሴ 22

አፍ አውጥታችሁ ባትናገሩትም ሁላችሁም በልባችሁ ብሎኬት ብሎኬት ትላላችሁ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳዩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል። ባለ 15 ሴንቲሜትር ብሎኬት ግድግዳ ውስጥ አሮጊት እናት ልታስቀምጪ ነው?

የአያቴ ቤት መንዝ ጌራ ላይ ዛሬም ቆሟል። ግድግዳው የድንጋይ፣ ማያያዣው ጭቃ፣ ውፍረቱ ክንድ ከስንዝር። ክዳኑ የጓሳ ሣር ነበር። ጓሳ ላይ ያለውን ሣር የአባቶቻችን የቄሮ ሥርዓት (የጋራ ሣር መሬት ጥበቃ) ለዘመናት ጠብቆ ያቆየው ላለመራቆት ነው፤ በየተወሰነ ዓመት ተከፍቶ ይታጨድ ነበር። ያ ቤት ቀን ፀሐይ ይጠጣል፣ ማታ ይመልሳል። አንቺ የዳገቱ ቦታ ድንጋያማ ነው ብለሻል። ድንጋዩን እዚያው ጥረቢና ገንቢበት። ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሲሚንቶ ለምን?

ቱንቢ ነሐሴ 22

አያ መንዜው፣ የአያትህን ቤት አደንቃለሁ፤ እኔም የተወለድኩት እንደዚያ ባለ ቤት ነው። ግን ዛሬ ጠራቢ በቀን የሚጠይቀውን ታውቃለህ? የሦስት ቀን ጥረቢያ የአንድ ቀን ብሎኬት ነው። መሠረቱንና ዞኮሎውን (ከመሬት በላይ ብቅ የሚለውን የመሠረቱን ክፍል) በድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ባለ 20 ብሎኬት፣ ምኝታ ቤቱን ፀሐይ ወዳለበት አዙሮ። ይሄ ነው የሚሆነው።

ሲቪል በስደት ነሐሴ 22

ድንጋይ በጭቃ የተገነባን ግድግዳ በሌላ ምክንያትም አልመክርም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ላይ የተነሳው ርዕደ መሬት ማጀቴ ከተማ ውስጥ ያፈራረሰው እንዲህ ያሉ ቤቶችን ነው። የሰሜን ሸዋ ምሥራቅ ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው ያለው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት ብዙዎቻችንን ከአልጋ አስነስቶናል። ብሎኬትም ቢሆን ያለ ማሰሪያ ወረቀት ነው። ከታች ግሬድ ቢም፣ ከላይ ቶፕ ታይ ቢም (ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስሩ የአርማታ ቀበቶዎች)፣ በየማዕዘኑ ኮለን (የአርማታ ዓምድ)፤ የፌሮው (የብረት ዘንጉ) ጫፍ በኮለኑ ውስጥ ታጥፎ ይታሰር። ብዙ ሳይት ላይ የፌሮው ቀለበት ጫፍ በዘጠና ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ክፍት ይተዋል። ወደ ውስጥ እስኪገባ ድረስ መታጠፍ አለበት።

ፈቃዱን በተመለከተ፦ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከሁለት ፎቅ በታች የሆነ መኖሪያ ቤትን በምድብ «ሀ» አስቀምጦት ነበር። ከላይኞቹ ምድቦች ቀለል ያለ ነው። ቀለል ያለ ማለት ግን ያለ ፕላንና ያለ ፈቃድ ማለት አይደለም።

ሮቤ ነሐሴ 23

ሸዋ ሮቢት ብትመጪ ስለ ብርድ አትጨነቂም፤ እኛ ማታ ጣራ ላይ ነው የምንተኛው 😅 ከምሬ ነው ግን፦ ደብረ ሲና በኩል ርካሽ ተዳፋት ቦታ ካሳዩሽ ተጠንቀቂ። ከጣርማ በር ወዲህ ያለው አቀበት ላይ መሬት ራሱ ይሄዳል። ያዘመሙ ዛፎችና የተሰነጠቁ የመንገድ ጠርዞች ካየሽ ምልክት ነው።

የጠባሴ ልጅ ነሐሴ 23

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የሜዳውን ነገር ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። «ልጄ፣ እዚያ እኮ በልጅነታችን ከብት ሰምጦ ነበር፤ ሰምጦ የወጣው በገመድ ነው» አለችኝ። ለምን አልነገርሽኝም? «አልጠየቅሽኝም።»

የግንበኛውን ነገር ግን አልጨረስንም። ግማሹን ስጪ ላለኝ ሰውዬ ምን ልበለው?

የጫጫዋ ነሐሴ 23

እሱን ሰውዬ እኔ ልመልስልሽ፤ ቁስሉ እኔ ጋ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቤቱን ብቻዬን ነው የጨረስኩት። አንድ ሰው እንዲሁ በቁርጥ ተዋውሎኝ ግማሹን ወሰደ። መሠረት አወጣ፣ ድንጋይ አራገፈ፣ ሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ «ሲሚንቶ ጠፋ» አለ። ከዚያ «መንገዱ ተዘጋ፣ አሸዋው አልገባም» አለ፤ ይሄኛው እውነትም ነበር። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። በኋላ ሌላ ሰው ሳይት ላይ በእኔ ፌሮ ሲሠራ አገኙት። ከስሼ ፍርድ ተሰጠኝ። የፍርዱ ወረቀት ሳጥኔ ውስጥ አለ። ገንዘቡ ግን የለም።

ከዚያ በኋላ ዕቃ የምገዛው ራሴ ሆንኩ፤ እነሱን የምከፍለው የእጅ ዋጋ ብቻ። ሠራተኞቹ ማታ ሲወጡ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ቁጥር እቆጥራለሁ። ጠዋት ዐሥር ከረጢት አውጥቼ ከሆነ ማታ ዐሥር ባዶ ካልመለሱ ጥያቄ አለኝ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። በሁለተኛው ሳምንት ራሳቸው አጣጥፈው በገመድ ያስሩልኝ ጀመር።

ፌሮም እመዝናለሁ። ቁጥር 12 (12 ሚሊሜትር ውፍረት) ፌሮ ርዝመቱ 12 ሜትር ሲሆን ወደ 10 ኪሎ ተኩል መመዘን አለበት። የኔ መጀመሪያ 9 ኪሎ ሆነ። ነጋዴው «ሚዛንሽ ነው» አለ። የእህል ሚዛኑን ከነነጋዴዋ ይዤ ሄድኩ።

ሲቪል በስደት ነሐሴ 23

እትዬ ጫጫ፣ እጅ ነስቻለሁ። በትክክል ቁጥር 12 ሙሉ ዘንግ 10.66 ኪሎ ነው። ቁጥር 10 ወደ 7.4፣ ቁጥር 8 ወደ 4.7። ትንሽ ልዩነት ችግር የለውም፤ ኪሎ ተኩል ሲቀር ግን የሸጡሽ ሌላ ፌሮ ነው።

አሸዋውንም እንዲሁ። የውሃ ጠርሙስ ግማሹን አሸዋ ሙይበት፣ ውሃ ጨምሪ፣ አወዛውዢና አሳድሪው። ጠዋት ላይ አሸዋው ታች ይቀመጣል፣ ጭቃው ላዩ ላይ ንጣፍ ይሠራል። ጭቃው ከአሸዋው 6 በመቶ በላይ ከሆነ ወይ ይታጠብ ወይ ይመለስ። ጣት ስፋት ጭቃ ካየሽ መኪናውን ሳታራግፊ መልሺው።

የአርማታው ልክ በአካፋ አይሁን። 50 በ40 በ18 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን አሠሪ፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያህል ይይዛል። ለመሠረትና ለቢም አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ውሃ ያበዛ ሠራተኛ ሥራ ቀለለለት እንጂ ቤቱ አልጠነከረም።

ቱንቢ ነሐሴ 24

የጫጫዋ እውነቷን ነው፤ ግን እንደ ባለሙያ አንድ ቃል ልናገር። ሁሉም ሌባ አይደለም። ሰው ባዶ ከረጢት ሲቆጥርበት ልቡ ይሸፍታል። እኔ ራሴ አንዴ ጥዬ ሄጃለሁ።

እንዴት ግንበኛ ይፈለጋል? በስልክ አይፈለግም። ጠባሴ ሂጂ፣ ደስ ያለሽን ቤት አንኳኪ። አዲስ የተለሰነ አይደለም፤ ሦስት ክረምት ያሳለፈ። «ማን ሠራላችሁ? ተጣላችሁ?» በዪ። የኢትዮጵያ ሰው ቡና ካፈላ ሁሉንም ይናገራል። ቤቱ ውስጥ ስትገቢ የክፍሉን ማዕዘን እዪ፣ ልስኑን ሳይሆን የመስኮቱን ደፍ እዪ። ግንበኛ የሚታማው በመስኮት ደፍ ነው።

ከዚያ እሱን ስታገኚ ፌራዮህ (ብረት አሳሪህ) ማነው፣ አናፂህ ማነው በዪው። ስማቸውን ሳያመነታ የሚነግርሽ ሰው ሁልጊዜ አብሮ የሚሠራ ነው። «እናመጣለን» ካለ ጠዋት ከጉልት የሚለቅም ነው።

ክፍያ በሥራ ነው። መሠረት ወጥቶ ግሬድ ቢም ሲፈስ አንድ፣ ግድግዳ ለቶፕ ቢም ሲደርስ ሁለት፣ ጣራ ሲመታ ሦስት፣ ልስንና ሊሾ ሲያልቅ አራት። ከእያንዳንዱ ላይ ዐሥር ከመቶ ያዢና ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ስጪው። ጨዋ ግንበኛ ይሄን አይጠላም። እኔ አልጠላም። እምቢ ያለው ሰው ክረምቱን የሚፈራበት ምክንያት አለው።

በሩ አልዘጋም ያለው ነሐሴ 24

ጋሼ፣ ቅር አይበልዎት፤ የኔ ግንበኛም ፌራዮውንና አናፂውን በስም ነግሮኝ ነበር።

ቱንቢ ነሐሴ 24

ያንተ ጥፋት ግንበኛው አልነበረም፣ ቦታው ነበር። ለሙያ ጓደኛዬ ነው የምከላከለው፤ አንድ ሜትር ይበቃል ማለቱን ግን አልከላከልለትም።

ፋይል አንብብ ነሐሴ 24

ጋሼ ቱንቢ ባሉት ላይ አንድ ሕግ ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለዐሥር ዓመት በአሠራሩና በጽናቱ ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ ትንሽም ቢሆን ውል ይጻፍ። ከየትኛው ቀን ተረከብኩ የሚል ወረቀት ይፈረም። ያለሱ ዐሥር ዓመቱ የሚቆጠርበት ቀን አይኖርም። የእጅ ዋጋ ብቻ ከሆነ ዕቃው ያንቺ ነው፣ የዕቃው ጥፋትም ያንቺ ነው። የጫጫዋ መንገድ ነፃ አያወጣም ለማለት ነው።

የጠባሴ ልጅ መስከረም 19

እንኳን አደረሳችሁ። ዘገየሁ፤ ምክንያት አለኝ።

ለጉጉት ብዬ የሜዳውን ጉድጓድም አስቆፈርኩ። ሁለት ሜትር ከግማሽ ላይ ሠራተኛው ቀና ብሎ «እህቴ ታች ታች ነው፣ ማብቂያ የለውም» አለኝ። ከመጀመሪያው አካፋ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ጥቁር፣ እንደ ሳሙና የሚያንጸባርቅ። በማግሥቱ ታችኛው ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ነበር። ደላላው «ክረምት ስለሆነ ነው» አለ።

የዳገቱ ላይ ደግሞ ሰባ ሴንቲሜትር ላይ ዶማው ከድንጋይ ጋር ተማታ። ድምፁን ስሰማ አለቀስኩ ብል አትስቁብኝ። ፋይሉን አስወጣሁ፤ ነባር ይዞታ፣ ሻጩ ባልቴት፣ ባለቤታቸው የሞቱ። ልጆቻቸው አራት፤ ሦስቱ እዚህ፣ አራተኛው ውጪ አገር። ውክልና እስኪልክ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ያለ እሱ ለመፈረም ደላላው በጣም ቸኩሎ ነበር። ሲለካ 160 የተባለው 154 ሆነ። በስድስቱ ካሬ ተከራክረን ዋጋ አወረዱልኝ።

ግንበኛ ለማግኘት ሰባት በር አንኳኩቻለሁ። አራተኛው ላይ የቤቱ እመቤት ቡና አፍልተው ስለ ግንበኛቸው አንድ ሰዓት ከሩብ ተናገሩ። ግማሹ ስድብ ነበር፦ ይዘገያል፣ ልቅሶ ያበዛል፣ ሰኞ አይመጣም። ከዚያ «ግን ልጄ ያንን ግድግዳ ንኪው» አሉኝ። ነካሁት። ሰውዬውን ያዝኩ።

የጫጫዋ መስከረም 19

ሰኞ የማይመጣ ግንበኛ ማክሰኞ ይመጣል። ስልኩ የሚጠፋውን ፍሪ። ከረጢት ግን ቁጠሪ።

ሲቪል በስደት መስከረም 20

ዳገት ስለሆነ ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ የሚያዞር ቦይ ከመሠረቱ በፊት ይቆፈር። ድንጋይ ላይ የቆመ ቤት እርጥበት አይገባውም ማለት አይደለም፤ በድንጋዩ ስንጥቅ እየፈሰሰ ግድግዳው ሥር ይወጣል።

የጠባሴ ልጅ ኅዳር 12

ግሬድ ቢሙ ትናንት ፈሰሰ። ጥያቄ አለኝ፤ ሌሊት አመዳይ ይጥላል። ግንበኛዬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ጨረሰው፤ ማታ የሚፈስ አርማታ በብርዱ አይይዝም ብሎ። ጆንያና ገለባ አልብሶታል። ይበቃል? እናቴ ደግሞ ማታ ሄዳ የድሮ ጋቢዋን ጨምራበታለች። ሠራተኞቹ ጠዋት ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው ሳቁ።

ቱንቢ ኅዳር 12

ይበቃል፤ ግንበኛሽ የሚያውቅ ሰው ነው። በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረውና ካሳ ፎርማውን (አርማታው የፈሰሰበትን የጣውላ ቅርጽ) ለማንሣት አትቸኩሉ። ውሃ ደግሞ ጠዋት በአመዳይ ላይ አታርከፍክፉ፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከሳምንት ላላነሰ ቀን። ጋቢው አይጎዳም።

መንዜው ኅዳር 13

ድንጋዩስ? ከተቆፈረው ድንጋይ ስንቱን ተጠቀማችሁ?

የጠባሴ ልጅ ኅዳር 13

አያ መንዜው፣ መሠረቱና ዞኮሎው ሙሉ በሙሉ ከራሱ ድንጋይ ነው። አንድ ጠራቢ ከሳሲት የመጣ አገኘን፤ አንድም ቢያጆ (የመኪና ጭነት) ድንጋይ አልገዛሁም።

የጠባሴ ልጅ ጥር 24

አከራይዋ ቀኑ ሳይደርስ አስወጣት። ቤቱ ገና ጣራ አልተመታም። እናቴን ምን ላድርጋት ስል ራሷ መልሱን አገኘችው፤ ያቺን የጭቃ ክፍል በእበት ለቅልቃ፣ አልጋዋን አስገብታ፣ ምድጃ አቁማ ገባች። ሲሚንቶው እዚያ ነበር የሚቀመጠው። «ከብሎኬቱ ይሞቃል» ትላለች፤ እውነትም ይሞቃል፣ እኔ ሁለት ሌሊት አድሬ አረጋግጫለሁ። ግንበኛው ሲሚንቶውን ወደ ጓዳ አዛወረና ሥር ሥሩን ጣውላ ከመሬት አንሥቶ አነጠፈለት፣ እርጥበት እንዳይጠጣ።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። በፕላኑ ላይ የጭቃዋ ክፍል ፈርሳ ማድ ቤት ነው የሚሠራበት። እናቴ አይፈርስም አለች። ፕላን ማሻሻል ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ ቆርቆሮ 28 ወይስ 32?

ፋይል አንብብ ጥር 24

ማሻሻያ ማስገባት ይቻላል፤ ነባሩን ክፍል እንዳለ አሳይተሽ ማድ ቤቱን ወደ ሌላ ጎን አዙሪና የተሻሻለውን ፕላን ማድ ቤቱን ከመጀመርሽ በፊት አስጸድቂ። አጥር ላይ ተጠግታ ከሆነ ከወሰን የሚተወውን ርቀት ይጠይቁሻል።

ቱንቢ ጥር 24

28፣ ወፍራሙን። በረዶ ሲጥል ልዩነቱን ትሰሚዋለሽ። እናትሽንም ተዪአት።